ሁለት ከተማ፣ ሁለት ደመወዝ፦ የነምቤዮ ማወዳደሪያ ሲመዘን

ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ለመዛወር ያሰበ ሰው ዛሬ በቅድሚያ የሚያደርገው የሁለቱን ከተሞች ስም ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ የትኛው ኑሮ እንደሚወደድ መጠየቅ ነው። ከሚመጡለት ገጾች መካከል ብዙውን ጊዜ ከፊት የሚገኘው ነምቤዮ የተባለው ድረ ገጽ ነው። ለዓመታት የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ የቆየሁ በመሆኔ ሥራ ሊቀይሩ ያሰቡ የምቀርባቸው ሰዎች ይህንኑ ገጽ በስልካቸው ከፍተው «ይህን ያህል በመቶ ይበልጣል ይላል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» እያሉ ያማክሩኛል። ባለፈው ዓመት ደግሞ ጥያቄው የራሴ ሆነና ሁለት ከተሞችን በዚሁ አገልግሎት ለብዙ ሳምንታት ሳነጻጽር ቆይቼ በመጨረሻ ተዛወርኩ። ስለዚህ አገልግሎቱ የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ ሰውን ሊያሳስት እንደሚችል ካየሁት ተነሥቼ እጽፋለሁ።

ነምቤዮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ ሲሆን መሥራቹ ምላደን አዳሞቪች ቀደም ሲል በጉግል ይሠራ የነበረ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። በየከተማው የሚኖሩ ሰዎች የሚያውቁትን ዋጋ ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ድረ ገጹም ከልክ በላይ ዝቅ ያሉትንና ከልክ በላይ ከፍ ያሉትን ቁጥሮች አጣርቶ የቀሩትን አማካይ ያወጣል። ኒው ዮርክ 100 ተብላ ትያዝና ሌሎቹ ከተሞች በእርሷ ይለካሉ፤ የአንድ ከተማ መለኪያ 60 ከሆነ ዋጋው ከኒው ዮርክ በ40 በመቶ ይረክሳል ማለት ነው። ኪራይን የማይጨምር የኑሮ ወጪ መለኪያ፣ የኪራይ መለኪያ፣ ሁለቱን ያጣመረ መለኪያ፣ እንዲሁም የከተማው ሰው በሚያገኘው አማካይ ደመወዝ ምን ያህል መግዛት እንደሚችል የሚያሳይ መለኪያ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ኪራይ ለብቻው መቀመጡ በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ በጎ ጎን ነው፤ የራሱ ቤት ያለው ወይም መኖሪያ በአሠሪው የሚሰጠው ሰው ከሌላው ጋር በአንድ ቁጥር ሊመዘን አይችልምና።

ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣል፤ በመጀመሪያው ከተማ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያኖርዎትን ኑሮ በሁለተኛው ለመኖር ይህን ያህል ያስፈልግዎታል ይላል። የሰው ዓይን ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ከዚሁ ጋር ግን ሁለት ማሳሰቢያዎች ተያይዘዋል። አንደኛው ስሌቱ በሁለቱም ከተሞች ተከራይተው እንደሚኖሩ ታስቦ የተሠራ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ የተጠቀሰው ገንዘብ የገቢ ግብር ከተቀነሰ በኋላ ያለ የተጣራ ገቢ መሆኑን ይገልጻል። እነዚህን ሁለት ሐረጎች ዘሎ ማለፍ እስካሁን ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የከበደው ነው። በቅጥር ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ጥቅል ደመወዝ እንጂ የተጣራው አይደለም፤ ሰውየው ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ገጹ ከሰጠው ቁጥር ጋር ያስተያይና ተርፎኛል ብሎ ይፈርማል። አንድ ወዳጄ በዚህ ዓይነት ተሳስቶ ከተማ ለውጧል። የመጀመሪያውን ወር የደመወዝ ዝርዝር ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን አብረን አየነው፤ ከላይ የሚያውቀው ቁጥር አለ፣ ከሥሩ የገቢ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ፣ የጤና መድን፣ የሥራ አጥነት መድን እየተባለ አንድ በአንድ ተቀንሶ ከታች የቀረው ከጠበቀው አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነበር። ነምቤዮ በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ ጽፎታል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ወሳኝ ነገር ቢያንስ ከመቶኛው ጋር እኩል ጎልቶ መቀመጥ ነበረበት።

ጥቅሉን ወደ የተጣራ መለወጥ ደግሞ ለዚህ አገልግሎት የሚተው ሥራ አይደለም። ግብር ከአገር አገር ብቻ ሳይሆን በአንድ አገር ውስጥ ካለ ከተማ ወደ ሌላ ከተማም ይለያያል። ስኮትላንድ በደመወዝ ላይ የራሷን የግብር መጣኔና እርከን ስለምታወጣ አንድ ዓይነት ጥቅል ደመወዝ የሚከፈላቸው የኤዲንብራና የለንደን ነዋሪዎች እኩል የተጣራ ገንዘብ ላያገኙ ይችላሉ። በአሜሪካ በቴክሳስና በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛቶች በደመወዝ ላይ የክፍለ ግዛት ገቢ ግብር የለም፤ በኒው ዮርክ ከተማ የሚኖር ሠራተኛ ግን ለፌዴራሉ መንግሥት፣ ለክፍለ ግዛቱና ለከተማዋ አስተዳደር ለየብቻ ይከፍላል። በሌላ በኩል በቴክሳስ የንብረት ግብር ከፍ ያለ ስለሆነ ቤት የሚገዛ ሰው ከደመወዙ ያልተቀነሰውን በዚያ በኩል ይከፍላል። በጀርመን ሠራተኛው በስድስት የግብር ምድቦች ተከፍሎ ስለሚታይ ያላገባ ሰውና ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር ባለ ትዳር በአንድ ጥቅል ደመወዝ የተለያየ ገንዘብ ይዘው ይወጣሉ።

ከዚህ የበለጠ የሚያደናግረው «የተጣራ» የሚለው ቃል ራሱ በየአገሩ አንድ ነገር አለማለቱ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ኔቱ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ አንድ ቁጥር ይመስላቸዋል። በጀርመን የጤና መድን መዋጮ ከደመወዝ ላይ ተቀንሶ ስለሚሄድ ባንክ የሚገባው ገንዘብ ሕክምናው የተከፈለበት ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ መሠረታዊ የጤና መድን ለማንኛውም ነዋሪ ግዴታ ሆኖ ሳለ ክፍያውን እያንዳንዱ ሰው ከኪሱ በቀጥታ ለመድን ድርጅቱ ይከፍላል። ከዚህም በላይ የአገሩ ዜጎችና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች የገቢ ግብራቸውን በአብዛኛው ራሳቸው አስታውቀው ስለሚከፍሉ ባንክ የገባው ደመወዝ ገና ግብር ያልወጣበት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የዙሪክንና የሙኒክን የተጣራ ደመወዝ በአንድ መስመር አስቀምጦ ማስተያየት የጋቢን ዋጋ ከነጠላ ዋጋ ጋር እንደ ማስተያየት ያለ ነው፤ ሁለቱም ልብስ ቢሆኑም የሚሸፍኑት አንድ አይደለም። በዱባይም የግል ገቢ ግብር ባለመኖሩ ጥቅሉና የተጣራው እጅግ ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ከውጭ ሄዶ የሚሠራው ሰው በአብዛኛው የመንግሥት ጡረታ ስለማይቆጠርለትና አገልግሎቱን ሲጨርስ የስንብት ክፍያ ብቻ ስለሚያገኝ ለእርጅናው የሚሆነውን ራሱ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ነምቤዮ ውስጥ ቁጥር ከማስገባት በፊት በየአገሩ የግብር ባለ ሥልጣን የሚዘጋጀውን ማስያ መጠቀም ይሻላል። የብሪታኒያ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የጀርመን ፌዴራል ገንዘብ ሚኒስቴርና የካናዳ የገቢዎች ኤጀንሲ እንዲህ ያሉ ማስያዎችን ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ማስያው በሚሰጠው ቁጥር ላይ ግን ሕክምናው፣ ጡረታውና ግብሩ ተቀንሷል ወይ የሚለውን ለሁለቱም ከተሞች በእኩል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ዋጋው እንመለስ። የነምቤዮ መለኪያ የሚሠራው የዕቃና የአገልግሎት ዝርዝር ወስዶ ለእያንዳንዱ ክብደት በመስጠት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የቤት ኪራይ፣ መብራትና ውኃ፣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የጂንስ ሱሪና የመሮጫ ጫማ፣ የቮልስዋገን ጎልፍ መኪና፣ ሲጋራም ሳይቀር አሉበት። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ያንተ የትኛው ነው? እኔ አላጨስም፣ መኪና የለኝም፣ ልብስም በዓመት ሁለት ጊዜ ብገዛ ነው፤ ከደመወዜ ግማሽ የሚጠጋው ለኪራይና ለልጅ መዋያ ይሄዳል። የሁለቱ ከተሞች መለኪያ ልዩነት በአብዛኛው የመጣው ከምግብ ቤት ዋጋ ከሆነ ጥያቄዬን አልመለሰልኝም። ድረ ገጹ ይህን ለማስተካከል የቤተሰብ ብዛት፣ ከቤት ውጭ የመመገብ ልማድ፣ መኪና የመንዳትና የመሳሰሉትን እየጠየቀ ግምት የሚሰጥ ሌላ ማስያ አለው፤ ከዋናው የማወዳደሪያ ገጽ ይልቅ እርሱን እንዲጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ። ቢሆንም ከሁሉ የተሻለው የሦስት ወር የራስን ወጪ ጽፎ እያንዳንዱን መስመር በሌላው ከተማ ዋጋ መተካት ነው። አንድ ምሽት ይፈጃል፤ ግን የሚወጣው ቁጥር የራስ ነው።

ብዙ ተጠቃሚ የማያየው፣ እኔ ግን ከመቶኛው አስቀድሜ የምፈልገው ሁለት ነገር በየከተማው ገጽ ላይ አለ። የመጀመሪያው በዝርዝሩ አካባቢ የሚገኝ ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ የከተማው ዋጋ ባለፉት 12 ወራት ከስንት ምዝገባዎችና ከስንት ሰዎች እንደ ተገኘ፣ መቼም እንደ ታደሰ ይናገራል። በሺህ የሚቆጠር ምዝገባ ያለው ትልቅ ከተማና ጥቂት ሰዎች ብቻ የመዘገቡበት አነስተኛ ከተማ በገጹ ላይ በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አሃዝ ድረስ ተጽፈው ይታያሉ፤ እምነት የሚጣልባቸው ግን እኩል አይደለም። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ አማካይ ዋጋ አጠገብ የተቀመጠው ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያለው ወሰን ነው። የአንድ መኝታ ቤት ኪራይ አማካዩ 1,000 ሆኖ ወሰኑ ከ600 እስከ 1,600 ከሆነ አማካዩ ምንም አልነገረኝም ማለት ይቻላል፤ ሰፈርና የቤቱ ሁኔታ ናቸው የሚወስኑት።

ኪራይን በተመለከተ ሌላም ጥንቃቄ አለ። እንደ ኒው ዮርክና ቪየና ባሉ ከተሞች የቆየ ውል ያላቸው ብዙ ተከራዮች የኪራይ ጭማሪያቸው በሕግ የተገደበ ነው። እነርሱ የሚከፍሉትን ቢመዘግቡ እውነታቸውን ነው፤ አዲስ መጪ ግን በዚያ ዋጋ ቤት አያገኝም። ስለዚህ ለኪራይ ብቻ የማወዳደሪያውን ቁጥር ትቶ በዚያው ሳምንት የወጡ የኪራይ ማስታወቂያዎችን ሃያ ያህል ማየት ይገባል። እኔ ይህን ሳደርግ ያገኘሁት መካከለኛ ዋጋ ከገጹ አማካይ በግልጽ ይበልጥ ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ሰው እንዲያውቀው ወደምፈልገው ነጥብ ደረስኩ። መቶኛ ትልቁን ጥያቄ ይሸፍናል፤ ወር ሲያልቅ ምን ይተርፋል የሚለውን። በቁጥር ላሳይ። በከተማ ሀ የተጣራ ደመወዝህ 3,000 ነው እንበል፤ 2,400 ታወጣለህ፣ 600 ይተርፍሃል። ከተማ ለ በ40 በመቶ ይወደዳል። ማወዳደሪያው ኑሮህ እንዳይቀንስ በከተማ ለ 4,200 ያስፈልግሃል ይላል። የቀረበልህ ግን 3,900 ቢሆን 300 ጎደለኝ ብለህ ትተዋለህ። ነገር ግን ወጪህ በ40 በመቶ ጨምሮ 3,360 ቢሆን ከ3,900 ላይ 540 ይተርፍሃል፤ ከቀድሞው የጎደለው 60 ብቻ ነው። ማወዳደሪያው 4,200 ያለው የምትቆጥበውም ገንዘብ አብሮ በ40 በመቶ ማደግ አለበት ብሎ ስለሚቆጥር ነው። የሚተርፍህን እዚያው ከተማ ውስጥ ቤት ለመግዛት የምታውለው ከሆነ ይህ አስተሳሰብ ትክክል ነው። ለቤተሰብ የምትልከው፣ ዕዳ የምትከፍልበት ወይም ቆይተህ ይዘኸው የምትሄደው ከሆነ ግን 600 ገንዘብ የትም 600 ነው፤ እኩል ለመሆን የሚበቃህ 3,960 ይሆናል።

ወደ ርካሽ ከተማ የሚሄድ ሰው ደግሞ በዚሁ ስሌት ይጎዳል፤ ጉዳቱም ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ከተማ ሐ ከሀ በ40 በመቶ ይረክሳል እንበል። ማወዳደሪያው 1,800 የተጣራ ደመወዝ ከ3,000 ጋር እኩል ነው ይላል። ወጪው በዚያ 1,440 ይሆናል፣ የሚተርፈው 360 ነው። ሰውየው በየወሩ 500 የሚከፍልበት የቆየ ዕዳ ካለበት በከተማ ሀ ከዕዳው በኋላ 100 ይተርፈው ነበር፤ በከተማ ሐ ግን በየወሩ 140 ይጎድለዋል። ኑሮ ስለረከሰ ዕዳ አይረክስም። ስልክ፣ ኮምፒውተርና የአውሮፕላን ትኬትም እንደ ኪራይ ከከተማ ከተማ አይራራቁም። ከየትም ሆኖ በሚሠራ ሥራ ላይ ያለ ሰው አሠሪው «ወደ ርካሽ ከተማ ስለምትሄድ ደመወዝህን እናስተካክላለን» ሲለው ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ይዞ ቢነጋገር መልካም ነው። እንዲህ ባለ ንግግር ላይ የመቶኛውን ገጽ ብቻ ይዞ የቀረበ ሠራተኛ ለክርክር የሚሆን ነገር የለውም።

ከነምቤዮ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠቀሰው ሜርሰር የተባለው አማካሪ ድርጅት የሚያወጣው የከተሞች የኑሮ ውድነት ደረጃ ነው። እርሱም ኒው ዮርክን መነሻ አድርጎ ከ200 በላይ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋዎችን ያነጻጽራል፤ የተዘጋጀው ግን ሠራተኞቻቸውን ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ድርጅቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ደረጃ ከዓለም ከተሞች አንደኛ የወጣችው የአንጎላ ዋና ከተማ ሉዋንዳ ነበረች። ይህ ማለት የሉዋንዳ ነዋሪ ከዙሪክ ነዋሪ የበለጠ ያወጣ ነበር ማለት አይደለም፤ ከውጭ የገባ ዕቃ የሚገዛና የተጠበቀ መኖሪያ የሚከራይ የውጭ ሠራተኛ እዚያ ለመኖር በዶላር ሲሰላ ከየትም በላይ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በጋዜጣ ርዕስ ላይ «ከዓለም ውድ ከተማ» የሚለውን አንብቦ ለራሱ ኑሮ መመዘኛ የሚያደርግ ሰው ለማን የተሰላ ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። የምንዛሪውም ነገር እንዲሁ ነው። የአገሩ ገንዘብ በዶላር ሲወድቅ ከተማዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከደረጃው ብዙ ርቀት ልትወርድ ትችላለች፤ በዚያው ገንዘብ ደመወዙን ለሚያገኘው ነዋሪ ግን ምንም አልረከሰለትም፣ እንዲያውም ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወዶበታል።

ነምቤዮ ፈጽሞ የማይነካቸው ወጪዎችም አሉ፤ ለቤት የሚያዝ ማስያዣ፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠሩ ከነበረ አንዳቸው አዲስ ሥራ እስኪያገኙ የሚቀረው ገቢ። የመጨረሻው ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል፤ የአንድ ሰው ደመወዝ በ30 በመቶ ጨምሮ የሌላው ለስምንት ወር ቢቋረጥ የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ሊሆን ይችላል። የመመላለሻ ሰዓትም ዋጋ ባይጻፍበት ዋጋ አለው። እኔ ርካሹን ሰፈር ከመረጥኩ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ እንደማሳልፍ ሳሰላ ምርጫዬን ቀይሬያለሁ።

እንግዲህ አገልግሎቱን ልመዝነው ከሆነ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ዋጋዎችን መስመር በመስመር፣ ያለ ክፍያ፣ ወሰናቸውንና የመዝጋቢዎቹን ብዛት ሳይደብቅ ማቅረቡ የሚያስመሰግነው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አማካይ የተጣራ ደመወዝ ግን አላምንበትም፤ ምክንያቱም የሚመዘግቡት በአብዛኛው ኢንተርኔት የሚያዘወትሩና ወደ ውጭ የሚያዩ ሠራተኞች ስለሚሆኑ የከተማውን ሠራተኛ በሙሉ ይወክላሉ ለማለት ይከብዳል። በማወዳደሪያው ገጽ ላይ ቢጨመር የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ በከተማ የማይለወጡ ወርሃዊ ክፍያዎች የሚጻፉበት ሳጥን። ያ ሳጥን ቢኖር ገጹ ከመቶኛው ይልቅ የሚተርፈውን ያሳይ ነበር። እኔ እስካሁን ያንን የማሰላው በእጄ ነው።

በተዛወርኩ በሦስተኛው ወር እኔም የአዲሱን ከተማ ዋጋ ከኪራዬ ጀምሬ ገጹ ላይ መዝግቤያለሁ። ኪራዬ ከተጻፈው ወሰን ላይኛው ጫፍ አጠገብ ነው የወደቀው፤ ወር ሲያልቅ የሚተርፈኝ ግን ወረቀቴ ላይ ካሰላሁት ብዙ አልራቀም።